ከፊት፣ በግራ በኩል

አባቴ መኪና በጆሮው የሚያክም ሰው ነበር። ሀና ማርያም አካባቢ ይህን የማያውቅ ሰው ከነበረ እኔ ያላገኘሁት ብቻ ነው። ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለባለ ሱቁ ለዑስማን፣ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ለሚጠብቁት እናቶች ሳይቀር አወራ ነበር። አባዬ እኮ በበራችን የምታልፈዋን መኪና ሰምቶ ብቻ ምኗን እንዳመማት ይናገራል እላቸዋለሁ። «ዶክተር መኩሪያ» ብለው ሲስቁ ለእኔ ሹመት እንጂ ቀልድ አይመስለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን በር አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥና እንጫወታለን። ሚኒባስ በኮረኮንቹ ላይ እየተንገጫገጨ ሲያልፍ አባዬ ዓይኑን ይጨፍንና «ምኗን ነው?» ይለኛል። እኔ ሁልጊዜ «ጎሚኒዋን» ነበር የምለው። ጎሚኒ ብረትና ብረት እንዳይፋተጉ በመካከላቸው የሚገባው ጎማ ነው፤ ከጋራዥ ቃላት ሁሉ እሱን አብልጬ እወደው ነበር።

«ሲጢጥ ብትል ኖሮ ልክ ነበርሽ» ይለኛል። «ይቺ ግን ቋ ነው ያለችው። ቋ የሚል ነገር ከቦታው የላላ ነገር ነው።»

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ሚሌኒየሙ በገባበት፣ ጨዋታው ቆመ። አንድ እሑድ አንድ አሮጌ ላዳ እየተንኳኳ አለፈና «አባዬ፣ ምኗን ነው?» ስለው ጫማውን እያየ ዝም አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው ከድንጋዩ ተነስቶ ገባ። ባለፈው ሳምንት ሦስት መኪና በተከታታይ ስቼ ስለነበር ተስፋ ቆርጦብኝ ነው አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዬን እየተቀመጥኩ ማጥናት ያዝኩ። ሲጢጥ፣ ቋ፣ ንክንክ፣ ጓጓ። አንድ ቀን ጠርቶ ሲፈትነኝ ሁሉንም ልመልስለት።

ማርቲ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። እናቷ ገዲሴ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራየች። ከወለጋ የመጣች፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት የምትሠራ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። ጴንጤዎች ናቸው። ማርቲ ከእኔ ጋር እኩያ ስትሆን በቸርቻቸው የሕፃናት መዘምራን ውስጥ ትዘምር ነበር። ዕቃ ስታጥብ ትዘምራለች፣ ልብስ ስታሰጣ ትዘምራለች። እናቴ ተሾመች ጾም የማታጓድል ኦርቶዶክስ ናት፤ ሆኖም ማርቲ ስትዘምር ሬዲዮኑን ትቀንስ ነበር። እኔ ስዘፍን ሬዲዮኑ ተቀንሶ አያውቅም። መጀመሪያ የቀናሁባት ያኔ ነው።

ዋናው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። አንድ ማታ አባዬ የደንበኛ መኪና እየነዳ ግቢ ሲገባ ማርቲ በሩን ከፈተችለትና የፊት ጎማውን እያሳየች፣ «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ወፍ አለች» አለችው። እኔ ሳቅኩ። አባዬ አልሳቀም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ፊቷ ቁጢጥ ብሎ ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነች ጠየቃት። ቀጭን ናት፣ መኪናዋ ስትፈጥን ትፈጥናለች፣ ስትቆም ዝም ትላለች አለችው። በማግሥቱ ጋራዥ ጎማውን ሲፈታው ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ቅባቱን ጨርሶ ደርቆ አገኘው። ምሳ ሰዓት ላይ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት። «ያቺ ልጅ ጆሮ አላት» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ማርቲ ብሎ አይጠራትም። «ጆሮዬ» ነው የሚላት።

«ጆሮዬ የታለች? ጥሯት።» የምጠራው እኔ ነኝ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወደ ለቡ መብራት ኃይል በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ጋራዡ ይዟት ይሄዳል። እኔም እከተላለሁ። እሷ መኪና ውስጥ ትቀመጣለች፤ እኔ አሮጌ ጎማ ላይ።

ያ ሁሉ ቀርቶ አስተያየቱን ብቻ እችለው ነበር እንዴ? አልችለውም። ማርቲ ከመኪና ስትወርድ አባዬ ቁጢጥ ይልና ትከሻዋን ይይዛል፤ እስክትጨርስ ድረስ ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም። እናቴን እንኳ እንደዚያ ሲያያት አላየሁም። እኔ ከኋላው ሆኜ ሳወራው አይመልስልኝም። ስደጋግምበት ደግሞ ዞር ይልና «ፊቴ ቆመሽ አውሪ» ይለኛል፤ ጮክ ብሎ ነው፤ የተቆጣ ይመስላል። እሷን ሊሰማ ይንበረከካል፣ እኔን ሊሰማ ይሰለቻል አልኩ በልቤ።

አባዬ ይመለከት የነበረው ከንፈሯን ነው። ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በግድ ጎትቼ ጆሮውን ያስመረመርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ወረቀቱ ላይ የወረደውን መስመር እያሳየች ይህ የዛሬ ጉዳት አይደለም፣ ሃያ ዓመት የቆየ ይሆናል አለችኝ። ያኔ ነው የድንጋዩን እሑድ ያስታወስኩት። ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ሞተር ላይ አስደግፎ እጀታውን በጥርሱ ሲነክስ ያየሁትንም አስታወስኩ። ለጓደኞቼ አባዬ በጥርሱም ይሰማል ብዬ ጉራዬን ነዝቼበት ነበር። እውነትም በጥርሱ ነበር የሚሰማው፤ ሌላ የሚሰማበት አልነበረውም። ሁለት እጁን ኮፋኖው ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆም የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ንዝረቱን እየዳሰሰ ነው።

ያኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቦታዬ ተወስዶብኛል።

አባዬ ላቀው የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። ጋሽ ላቀው ከእኔ ዕድሜ በእጥፍ የምትበልጥ ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ነበረችው። የኋላ ወንበሯን አውጥቶ፣ በጎኗ ላይ ቁጥር ጽፎ ይወዳደርባታል። የውድድሩ ቦታ ከፉሪ በታች ነበር። አንድ ሰው መንደር ሊሠራ አስፋልት አንጥፎ ቤቱን ሳይጀምር የተወው ሜዳ ነው፤ መንገዱ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው በዓመት ሁለት ጊዜ እሑድ ቀን ፈቃድ እያወጡ ይሽቀዳደሙበታል። ለእኛ ሰፈር ልጆች ከጥምቀት ቀጥሎ ያለው በዓል እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኮሮላዋ መንኳኳት ጀመረች። ሰፈር ውስጥ ስትነዳ ጤነኛ ናት። ሜዳው ላይ አራት አምስት ዙር በፍጥነት ከዞረች በኋላ ግን የሆነ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ትጮኻለች፤ ከዚያ ዝም። ጋሽ ላቀው ድምፁን ከሞተሩ ጩኸት ለይቶ ከየት እንደሚመጣ ሊያውቅ አልቻለም። አባዬ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቀ፤ ምንም አልተገኘም። የፊቱን ጎሚኒዎች ከወር በፊት ራሱ ለውጧቸዋል። እንዲህ ዓይነቱ ድምፅ መኪናው ቆሞ አይገኝም፣ እየሮጠ የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልጋል አለ።

እኔ እሄዳለሁ አልኩ። አጥንቻለሁ፣ ሁሉንም ድምፅ አውቃለሁ አልኩ።

«አንቺ ተይው» አለኝ። «ጆሮዬ ትሄዳለች።»

እናቴ የሰው ልጅ ይዞ እንዴት እንደዚያ ባለ መኪና ይዞራል ብላ ተቆጣች። ገዲሴ ደግሞ ነጠላዋን እያጠላለፈች ጋሽ መኩሪያ ካሉ ምን ይደርስባታል አለች። ደስ ብሏት አልነበረም። ያኔ ደስ ያላት መስሎኝ ነበር፤ ልጇ ስለተመረጠች የምትኮራ። ዛሬ ሳስበው የቤት ባለቤት ሲጠይቅ እምቢ የምትል ተከራይ አላውቅም።

ሐሙስ ቀን አባዬ እየነዳ ማርቲ አጠገቡ ተቀምጣ ዞሩ። ራሷ ላይ የጋሽ ላቀውን ሄልሜት አድርጎላታል፤ ሰፍቷት እንደ ማሰሮ ይዞራል። እኔ ከመንገዱ መሐል ባለው የአፈር ቁልል ላይ ቆሜ አያለሁ። ባለፉ ቁጥር ትንሽ እጇን ታውለበልብልኛለች። አላውለበለብኩላትም። ያን ቀን ፍጥነቱ ትንሽ ስለነበር ድምፁ አልተሰማም። ሲመለሱ አባዬ ለእሷም ለእኔም አንዳንድ ሚሪንዳ ገዛልን። የእሷን ከፍቶ ሰጣት፤ የእኔን ሳይከፍት። የሌላውን ሁሉ ምክንያት በኋላ አውቄዋለሁ፣ የዚህን ግን እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት ረስቶት ነው፤ ግን አሁንም ጠርሙሱ እጄ ላይ ሲቀዘቅዘኝ ይሰማኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ አንድ ሚኒባስ ተፈትቶ ስለነበር አባዬ መውጣት አልቻለም። ጋሽ ላቀው ራሱ መጥቶ ማርቲን ይዟት ወደ ሜዳው ሄደ። ስድስት ሰዓት ገደማ በራችን ላይ አወረዳትና ምን እንደሰማች እንኳ ሳይጠይቃት ወደ ሱቁ በረረ። ማርቲ የዝማሬ ልምምድ ረፍዶባት ነበር። የሰማያዊ ቀሚሷን ቁልፍ እየቆለፈች እየሮጠች ከክፍላቸው ስትወጣ እኔ የአባዬን ምሳ በሳሕን ቋጥሬ ወደ ጋራዥ ልሄድ ስል በር ላይ ተገናኘን።

«ናዚ፣ ለጋሼ ንገሪልኝ» አለችኝ። «ሰማሁት። ከፊት ነው። በግራ፣ ሹፌሩ በተቀመጠበት በኩል። ፍሬን ይዞ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አንዴ ቋ ይላል። እንዳትረሺ፤ ከፊት፣ በግራ በኩል።»

አልረሳም አልኳት። አልረሳሁምም። መንገዱን ሙሉ እየደጋገምኩት ነው የሄድኩት። ከፊት በግራ፣ ከፊት በግራ። ዳገቱን እስክጨርስ ድረስ ልዋሽ አላሰብኩም። ጋራዡ በር ስደርስ ግን አባዬ ከሚኒባሱ ሥር ወጣና ሳሕኑን ሳያይ፣ እኔንም ሳያይ፣ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየ።

«ጆሮዬስ?» አለኝ።

ዝማሬዋን ልትለማመድ ሄደች አልኩት። የነገረችኝ ነገር አለ አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ቁጢጥ አለ። በዘይት የጠቆረ ጣቱን አገጬ ሥር አድርጎ ፊቴን ቀና አደረገውና ዓይኑን ፊቴ ላይ ተከለ። ማርቲን እንደሚያያት። ለስንት ወር ስመኘው የነበረው አስተያየት ያ ነው።

«ምን አለችሽ?»

«ከኋላ ነው አለች።»

«ድገሚልኝ፤ ቀስ ብለሽ።»

የተጠራጠረኝ መሰለኝ። ግን ፊቱ ከፊቴ እንዲርቅ አልፈለግኩም። «ከ-ኋ-ላ» አልኩት። «በቀኝ በኩል።» ራሴን ዳበሰኝና «ጎበዝ» አለኝ።

ያሰብኩት ምን እንደነበር በትክክል አስታውሳለሁ። አባዬ ነገ ራሱ ይነዳታል፤ ዶክተር መኩሪያ ነውና ድምፁ ከፊት መሆኑን በአንድ ዙር ይሰማል፤ ይህቺ ልጅ ለካ ጆሮ የላትም ብሎ ይተዋታል። ከዚህ ያለፈ ክፋት አላሰብኩም። መላ ዕቅዴ የቆመው አባቴ ይሰማል በሚለው ላይ ነበር።

አባዬ ቅዳሜን እስኪመሽ ድረስ የኋላውን ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። ጎሚኒዎቹን ለወጠ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። ማርቲ ከልምምድ ስትመለስ ጨልሞ ነበር፤ እሱ ሲገባ ደግሞ ተኝታለች። ሳይገናኙ አደሩ።

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሜዳው በሰው ተሞልቶ ነበር። ቆሎ ሻጮች፣ ጥላ የያዙ ሴቶች፣ አጥር ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች። ከውድድሩ በፊት አባዬ ድምፁ መጥፋቱን ላረጋግጥ ብሎ መሪውን ከጋሽ ላቀው ተቀበለና ማርቲን አጠገቡ አስቀመጣት። ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት። መኪናዋ ልትነሳ ስትል መስኮቱ ጋ የቆመ አንድ ሰው እየጮኸ ሲያወራ ማርቲ አባዬን የሆነ ነገር ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት አየሁ፤ እሱ ግን ወደ ፊት እያየ ነበር፤ ሄዱ።

እኔ እዚያው የአፈር ቁልል ላይ ነበርኩ። ሁለት ዙር ደህና ዞሩ። በሦስተኛው አባዬ ፍጥነት ጨመረ። በአራተኛው ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ኩርባ ጋ ሲደርሱ ማርቲ በመስኮቷ ወለል ብላ ታየችኝ። ወደ አባዬ ዞራ በትንሽ እጇ ክንዱን ትመታዋለች። ደጋግማ ትመታዋለች፤ አፏ ይከፈታል ይዘጋል። የሚጫወቱ መሰለኝ። ሁሉ ሰው እያያት አባቴን እየመታች የምትጫወት። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

አባዬ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። በዚያ ፍጥነት ሊነቅል አይችልም፤ ሳያያት ደግሞ ሊሰማት አይችልም።

ቋ ያለውን ድምፅ እኔም ሰማሁት። ከሞተሩ ጩኸት በላይ፣ የበሬ አጥንት በምሳር ሲመታ እንደሚሰማው ያለ ነው። የፊት ግራው ጎማ እንደ ተሰበረ እግር ወደ ውስጥ ተጣጠፈና መኪናዋ በግራ አፍንጫዋ አስፋልቱን እየፋቀች፣ ብልጭታ እየተፋች፣ ከኩርባው ወጥታ ከማዶው የአፈር ግድብ ጋር ተላተመች።

ስደርስ አባዬ በመስኮት ወጥቶ ነበር። ግንባሩ ይደማል፣ ጎኑን ይዞ ያቃስታል፤ እንደዚያም ሆኖ በሌላው በር ዞሮ ማርቲን እያወጣት ነው። ግራ እጇ ከክርኗ በታች የሰው እጅ በማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፏል። እያለቀሰች፣ «ነገርኳቸው እኮ፣ ከፊት ነው እያልኩ ነገርኳቸው» ትላለች። ከኋላው ሆኜ «አባዬ» አልኩ። አልዞረም። ደግሜ ጠራሁት። አልዞረም። ያወቀብኝ መሰለኝና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሁላችንም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። የአባዬ ሁለት ጎድን አጥንት ተሰብሯል። ማርቲ እጇ በጀሶ ታሽጓል። ጋሽ ላቀው ኮፍያውን እጁ ላይ እያሽከረከረ ፊት ለፊታችን ቆሟል። ያን ቀን ሳቁ አልነበረም። አሁን እኔ ተሽከርካሪ ምርመራ ላይ ስለምሠራ ምን እንደሆነ በትክክል ማስረዳት እችላለሁ። ጎማውን ከታች ካለው ክንድ ጋር የሚያያይዝ ኳስ የመሰለ መገጣጠሚያ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ቴስቲና እንለዋለን። እሱ ሲያልቅ መኪናው ቆሞ ቢነቀነቅ ጤነኛ ይመስላል፤ ፍሬንና ኩርባ ሲገናኙበት ብቻ ይናገራል። የተናገረውን ሰው ከሰማው ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አባዬ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፤ የሕፃን ቃል ይዤ የኋላውን ብቻ ፈታሁ፣ የፊቱን ደግሜ ማየት ነበረብኝ አለ። ማርቲ ቀና ብላ፣ «እኔ ከፊት...» ስትል ገዲሴ ጉልበቷን ጨበጠቻት። አባዬ አላየም። ጋሽ ላቀው ግን ሰማ።

«ከፊት ነው ትላለች እኮ ልጅቷ» አለ ጮክ ብሎ።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ናዚ፣ መልእክቱን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ምን ነበር ያለችሽ?»

ሁሉም ሰው አየኝ። የመጀመሪያው ውሸት ከቅናት የወጣ ነው፤ ልጅነትም አለበት። የሁለተኛውን ግን ምን እየሠራሁ እንደሆነ እያወቅኩ ነው የዋሸሁት።

«ከኋላ ነው ያለችው» አልኩ።

ማርቲ ረጅም ጊዜ አየችኝ። የተናደደች አትመስልም ነበር፤ የሆነ ነገር ጠፍቶባት የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ ጀሶዋን እያየች፣ «እንደዚያ ብዬ ይሆናል» አለች። ጋሽ ላቀው ልጅ ናት፣ ልጅ ይሳሳታል አለ። እናቴ ገዲሴን አቀፈቻትና አለቀሰች። ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

ክረምቱ ሳይገባ ገዲሴ ቤት አገኘሁ ብላ ልጇን ይዛ ወጣች። በእነዚያ ሦስት ወራት ማርቲ ግቢ ውስጥ ስትዘምር አልተሰማችም። እጇ ስላመማት መስሎኝ ነበር። አባዬም ድምፅ ፈልግልኝ ለሚለው ሁሉ እምቢ እያለ ጎማና ባትሪ ብቻ መሥራት ያዘ። ሰፈሩ «ዶክተር» ማለቱን ተወ። እኔ የፈለግኩትን አገኘሁ፤ ሌላ ጆሮ አላመጣም። እኔንም ግን አልጠራኝም።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ስትጠብቅ ገዲሴን አገኘቻት። ማርቲ ፉሪ ላይ የስፌት ቤት ከፍታ ለመዘምራን ልብስ እንደምትሰፋ ነገረቻት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ሄድኩ።

ቤቷ ጠባብ ናት። ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ረጃጅም ልብሶች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰቅለዋል። ማርቲ ከማሽኑ ጀርባ ቀና ብላ ወዲያው አወቀችኝ። ተነስታ አቀፈችኝ፤ ግራ እጇ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ልጆች ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼስ፣ አሁን ጭራሽ አይሰሙም?» አለችኝ።

ታውቂ ነበር እንዴ አልኳት።

«ያኔም አውቅ ነበር። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ናዚ እንዳትሰማ ብለው አስምለውኛል። የምትኮራው በጆሮዬ ነው፣ ይህን አትንጠቂብኝ አሉኝ።»

መቀመጫ ፈልጌ አጣሁ። አሁንም ትዘምሪያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ፈገግ አለች። መዘመሩን ያኔ ነው የተውኩት አለችኝ። የዚያን ቀን ከፊት መስማቷን እርግጠኛ ነበረች፤ አፏ ግን ከኋላ ብሎ ወጥቶ ሰው ሊሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ቃና ሲሰጧት የሰማችው ትክክል ይሁን አይሁን ማመን አቃታት። እየፈራች ዘመረች፣ እየፈራች ተወችው። የራሴን ጆሮ አላምነውም አለችኝ፤ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ቀለል አድርጋ ነው።

ያኔ ነገርኳት። ቆሜ፣ ቦርሳዬን ሁለት እጄ ላይ ይዤ። ዳገቱን፣ ጋራዡን በር፣ አባዬ አገጬን ቀና ሲያደርገው፣ ኮሪደሩን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጭኗ ላይ ያለውን ጨርቅ ቀስ ብላ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ከፊት ነበር ያልኩሽ?»

«ከፊት። በግራ በኩል። ሁለት ጊዜ ነው የነገርሽኝ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዓይኗ ሞላ እንጂ አልፈሰሰም። ያኔ ለራሴ ስል አንድ ነገር ተናገርኩ።

«ልጅ ነበርኩ፣ ማርቲ። አሥር ዓመቴ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔም አሥር ዓመቴ ነበር» አለች።

በቁጣ አልነበረም። ከዚያ ጨርቁን አንስታ ስፌቱን ከተወችበት ፈለገችና ማሽኑን አስነሳች። ሂጂ አላለችኝም። ተቀመጪም አላለችኝም።